ፈረንሳይኛ የማትችለዋ የፈረንሳይኛ ማዕከል ዳይሬክተር

ዛሬ የደረሰብኝን ለማንም ትንፍሽ አልልም ብዬ ምዬ ነበር። ከመካኒሳ እስከ ጎፋ ባለው የታክሲ መንገድ ቻልኩት። ቤት ስገባ አቃተኝ። ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ ነው ይሄን የምጽፈው።

በናታችሁ ስክሪንሾት አታንሱ!

መጀመሪያ አንድ ኑዛዜ ይቅደም።

አብዛኞቻችሁ እዚህ ገጽ ላይ የምታውቁኝ በሥራዬ ነው። መካኒሳ ውስጥ የፈረንሳይኛ ቋንቋና ባህል በነፃ የምታስተምር ትንሽዬ በጎ አድራጎት ማህበር አለችን። እኔ ዳይሬክተሯ ነኝ። አምስት ዓመት ሞላኝ። ፎቶዬ ሥር "ቦንዡር ማዳም" ምናምን እያላችሁ ኮመንት ስታደርጉ የልብ ምልክት ብቻ እንደምመልስ ያስተዋለ አለ?

ለምን መሰላችሁ?

ፈረንሳይኛ አልችልም።

አዎ። በትክክል ነው ያነበባችሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው የጀመረው። ጋሽ ሽመልስ የሚባሉ ጡረተኛ አሉ። ድሬዳዋ ነው ያደጉት፣ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ምድር ባቡር ውስጥ ነው። መካኒክ እጁ ላይ የዘይት ሽታ እንደሚቀርበት፣ እሳቸው አፍ ላይ የቀረው ፈረንሳይኛ ነው። ጡረታ ሲወጡ መካኒሳ ያለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ወንበር ደርድረው ለሚፈልግ ሁሉ በነፃ ማስተማር ጀመሩ።

እኔ ያኔ እዚያው አካባቢ አንድ ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። ከሥራ ስወጣ ገብቼ እማር ነበር። ጎበዝ ነበርኩ ማለት ባልችልም ፊደሉን ለይቻለሁ፣ ስሜን እናገራለሁ፣ ዳቦ እገዛለሁ።

ከዚያ ሰው በዛ። በረንዳው ሞላ። ግማሹ ደጅ ቆሞ፣ ግማሹ አጥር ላይ ተደግፎ መማር ጀመረ። ጎረቤት አቤቱታ አቀረበ። ፈቃድ አውጡ ተባለ።

ጋሽ ሽመልስ ወደኔ ዞረው፣ "አንቺ ልጅ፣ ደብዳቤ ትችያለሽ አይደል?" አሉኝ።

እችላለሁ! ደብዳቤ ላይ ማን ይችለኛል?

በቃ፣ እዚያ ላይ አለቀልኝ። ፈቃዱን ሳሯሩጥ፣ ክፍል ስለምን፣ ወንበር ስሰበስብ፣ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ሳስደርግ ትምህርቱ ጥሎኝ ሄደ። በሚቀጥለው ሳምንት እገባለሁ እላለሁ፣ አንድ ማህተም ይጎድላል። በሚቀጥለው ወር እላለሁ፣ አንድ ስብሰባ ይመጣል። አንድ ቀን ቀና ስል ማህተሙ ላይ ስሜ "ዳይሬክተር" ሆኖ ተቀምጧል።

ዳይሬክተር ሆኜ ደግሞ ጀማሪዎች መሃል ቁጭ ብዬ "ስሜ ፀዳለ ነው፣ የምኖረው ጎፋ ነው" ልል?

ሼም ነዋ!

ስለዚህ ዝም አልኩ። ሰው ሁሉ እችላለሁ ብሎ አሰበ፣ እኔም አላረምኩም። እንግዳ ሲመጣ ስልክ ይደወልልኛል። (አይደወልም።) ተማሪዎች ኮሪደር ላይ በፈረንሳይኛ ሲያናግሩኝ ፈገግ ብዬ እቸኩላለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ቸኩያለሁ ወገኖቼ! የሚያሳድደኝ እንኳን ሳይኖር።

አሁን ወደ ዛሬው ጉድ።

የኛ ተማሪዎች ትልቁ ችግር ወረቀት ነው። ሰርተፊኬት እንሰጣለን፣ ግን ማህተሙ የራሳችን ነው፣ ማንም አይቀበለውም። ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት አለ፤ ማዕከሎችን አይቶ ከወደደ እዚያው ታዋቂ ፈተና እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ያንን ፈተና ያለፈ ሰው የያዘው ወረቀት የትም ያስኬዳል። ለሁለት ዓመት ስጽፍላቸው ከርሜ በመጨረሻ "ሰው ልከን እናያችኋለን" አሉ።

ወረቀቱን ማን እንደሚጠብቀው ልንገራችሁ። ሁለቱን ብቻ።

አንዱ ታምራት ነው። ከሆሳዕና የመጣ፣ ቤተክርስቲያን ውስጥ ስብከት የሚያስተረጉም ልጅ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ከሆኑ አገሮች የሚመጡ ሰባኪዎች ሲኖሩ እሱ ነው አጠገባቸው የሚቆመው። አንድ ቢሮ በቋሚ አስተርጓሚነት ሊቀጥረው ፈልጎ "ማስረጃህስ?" አለው። የኛን አሳየ። ሳቁበት።

ሌላዋ ሙኒራ ናት። ቡታጅራ ተወልዳ እዚህ ሱቅ የከፈተች፣ ልብስ የምትሸጥ፣ የሦስት ልጆች እናት። ለስብሰባ አዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶችን በፈረንሳይኛ አግባብታ ነው የምትሸጠው። የባሏ ዘመዶች "በዚህ ዕድሜሽ ደብተር ይዘሽ ስትዞሪ አታፍሪም?" ብለዋታል። ወረቀቱን ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ልትሰቅለው ቦታውን ለይታለች። ሚስማሩን ሁሉ መትታለች!

ስለዚህ እየቀለድኩ አይደለም። የሰው ሚስማር ግድግዳ ላይ ተመቶ እየጠበቀኝ ነበር።

ድርጅቱ ከመምጣቱ በፊት በኢሜይል "አስተርጓሚ ይዘን እንምጣ?" ብሎ ጠየቀ።

ምን ብዬ መለስኩ?

"ኧረ በፍጹም! እኛ'ኮ የፈረንሳይኛ ማዕከል ነን!"

ቃለ አጋኖዎቹም የራሴ ናቸው።

ከዚያ ወደ ጋሽ ሽመልስ ሄድኩና የእንኳን ደህና መጡ ንግግር ይጻፉልኝ አልኳቸው። ጻፉልኝ። "አነባበቡ እንዳይጠፋኝ በኛው ፊደል ያድርጉልኝ" አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። በኛው ፊደል አድርገው ሰጡኝ።

አራት ደቂቃ የሚፈጅ ንግግር። ሁለት ሳምንት ሸመደድኩት። ወጥ እያማሰልኩ፣ ልብስ እያጠብኩ፣ ታክሲ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ። "ማዳም፣ ሷዬ ላ ቢያንቬኑ ፓርሚ ኑ..." እንኳን በመካከላችን ተገኙ ማለት ነው።

አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ እንዲሁ ሳነበንብ አጠገቤ ያሉ እናት እጄን ያዝ አደረጉ።

"አሜን ልጄ! ጌታ ይባርክሽ፣ ለኔም ጸልዪልኝ" አሉኝ።

በልሳን የምጸልይ መስሏቸው ነው! "እሺ እማማ" ከማለት ሌላ ምን ላደርግ እችላለሁ? ከልቤ ጸለይኩላቸው። ለራሴም ጨመርኩበት።

ዕቅዱ ቀላል ነበር። እኔ ንግግሬን አደርጋለሁ፣ ወዲያው "ጋሽ ሽመልስ ይቀጥላሉ" ብዬ አስረክባለሁ፣ ስልክ ይደወልልኛል፣ እወጣለሁ። ማስተማሩንም ማስጎብኘቱንም እሳቸው ይጨርሱታል።

ትናንት ማታ ጋሽ ሽመልስ ደወሉ።

"ሄሎ?" አልኩ።

"ህህህህ።"

"ጋሼ? ኔትወርክ ነው?"

"ህህህህ።"

ኔትወርክ አይደለም። ድምፃቸው ተዘግቷል!

ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋሁት አትጠይቁኝ። ጠዋት ቀድሜ ስደርስ ጋሽ ሽመልስ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተጠቅልለው ደረጃው ሥር ቆመዋል። አፋቸውን ከፈቱ። አየር ብቻ ወጣ። ፋርማሲ ሄደው አንድ ሳምንት እንዳይናገሩ ተብለዋል። ከመካከላችን ፈረንሳይኛ ጥንቅቅ አድርጎ የሚያውቀው ሰው እንደ ዓሣ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።



አሁን እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። በዚያች ደቂቃ መፍትሔ ነበረኝ። ታምራት ደርሶ ወንበር እየጠረገ ነበር። ጠርቼው "ወንድሜ፣ እኔ አልችልም፣ አጠገቤ ቁምልኝ" ማለት ብቻ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር!

አላልኩም። አምስት ዓመት የቸኮልኩበትን ነገር በአንድ ጠዋት ማፍረስ ከበደኝ።

ይልቅ ወርጄ ከሥራችን ያለውን የብየዳ ቤት ባለቤት ለመንኩት። ክፍላችን ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ከታች ቀኑን ሙሉ ብረት ይቆረጣል፣ ይበየዳል። "ለሁለት ሰዓት ብቻ ዝም በልልኝ፣ ትልቅ እንግዳ ነው የሚመጣብኝ" አልኩት። "ለፈረንሳይ ስንል እንታገሳለን" አለ። ሠራተኞቹን ሻይ ቤት አስቀመጣቸው።

አራት ሰዓት ላይ እንግዳዋ ደረሱ።

ማዳም አይሳቱ ይባላሉ። ከምዕራብ አፍሪካ ናቸው። ረጅም፣ ረጋ ያሉ፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ፣ እጃቸው ላይ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር። እንደሳቸው የማይቸኩል ሰው አይቼ አላውቅም። ያ ራሱ አስፈራኝ።

ተማሪዎቹ አሥራ ሁለቱም ተነስተው ቆሙ። እኔ ወደፊት ወጣሁ።

"ማዳም፣ ሷዬ ላ ቢያንቬኑ ፓርሚ ኑ!"

ወገኖቼ፣ ወረደልኝ! እንደ ውሃ! አንዲት ቃል አልሳትኩም። መሃል ላይ የጋሽ ሽመልስን እጅ መወራጨት ሁሉ ጨመርኩበት። ስጨርስ ክፍሉ አጨበጨበ። ጋሽ ሽመልስ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ማዳም አይሳቱ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

አያችሁ፣ እዚህ ላይ ብወድቅ ኖሮ ጥሩ ነበር። አሳምሬ መናገሬ ነው የገደለኝ።

ምክንያቱም ፊታቸው በራና መልስ ሰጡኝ። በፈረንሳይኛ! በፍጥነት! ለአንድ ደቂቃ ያህል! መጨረሻው ላይ ድምፃቸው ከፍ አለ።

ጥያቄ ነው።

ያለችኝ አንዲት መሣሪያ ነበረች። "ዊ! ቢያን ሱር!" አዎ፣ እንዴታ ማለት ነው።

"ዊ! ቢያን ሱር!" አልኩ።

ከሳቸው ጀርባ የተቀመጡትን ጋሽ ሽመልስን አየሁ። ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ተመስገን!

ሁለተኛ ጥያቄ መጣ።

"ዊ! ቢያን ሱር!"

ጋሽ ሽመልስ ግንባራቸውን ቋጠር አደረጉ።

ሦስተኛው ላይ "ፓሪ" የሚል ቃል ሰማሁ። ንግግሬ ውስጥ "ፓርሚ" የሚል ነበረኝና ዘመድ መሰለኝ። በሙሉ ልቤ፣ "ዊ! ቢያን ሱር!"

ጋሽ ሽመልስ ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ።

አራተኛው ሲመጣ ፊታቸውን ገልጠው በሁለት እጃቸው የአይሆንም ምልክት ያሳዩኝ ጀመር። እኔ ግን አንዴ ገብቼበታለሁ። እንዲያውም ከንግግሬ ላይ ያለችኝን አንዲት ማሟያ ጨመርኩ።

"ዊ! አቬክ ፕሌዚር!" በደስታ!

ማዳም አይሳቱ በጣም ደስ አላቸው። ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ሄደው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ተማሪዎቹም ተቀመጡ። ሁሉም እኔን ማየት ጀመሩ።

ሁሉም ይጠብቃል።

ሙኒራ ከፊት ወንበር ላይ ሆና በሹክሹክታ፣ "ዛሬ አንቺ ነሽ እንዴ የምታስተምሪን?" አለችኝ።

ለካ የተስማማሁት ያንን ነው!

ሰሌዳውን ያዝኩ። ማርከር አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ፣ አነሳሁ። ጋሽ ሽመልስ ሲያስተምሩ ኮሪደር ላይ ሆኜ የምሰማት አንድ ቃል ትዝ አለችኝ። "ሬፔቴ!" ድገሙ ማለት ናት።

ምን ይድገሙ?

የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ንግግሩ!

ጀመርኩ። "ማዳም፣ ሷዬ ላ ቢያንቬኑ ፓርሚ ኑ። ሬፔቴ!"

ተማሪዎቹ ተያዩ። ግን አስተማሪ ድገሙ ካለ ይደገማል፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የለመድነው ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች በአንድ ድምፅ፣ "ማዳም! ሷዬ! ላ ቢያንቬኑ! ፓርሚ ኑ!"

ቀጠልኩ። ረጅም መንገድ ተጉዘው ስለመጡ እናመሰግናለን። ሬፔቴ! ትንሿ ቤታችን የርስዎም ቤት ናት። ሬፔቴ!

ማዳም አይሳቱ በዚያው ጠዋት ለሁለተኛ ጊዜ፣ በመዘምራን እንኳን ደህና መጡ ተባሉ። መጀመሪያ ፈገግ አሉ። ቀጥሎ ግራ ገባቸው። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ መነጽራቸውን አደረጉ።

አራተኛው ደቂቃ ላይ ንግግሩ አለቀ።

ጸጥታ። የብየዳው ድምፅ እንኳን የለም፣ እኔው ነኝ ያስቆምኩት! በሕይወቴ ግራይንደር እንደዛሬ ናፍቆኝ አያውቅም።

ማዳም አይሳቱ ተነስተው ወደኔ መጡ። ዝግ ብለው፣ ለልጅ እንደሚነገር አንዳንድ ቃል እየለዩ፣ የሆነ ነገር ጠየቁኝ።

"ዊ" አልኩ። "ቢያን ሱር።" ቃለ አጋኖው አልወጣ አለኝ።

አሁንም ዝግ ብለው፣ "ኬስ ክ ዤ ዲ?" አሉኝ።

"ዊ... ቢያን ሱር።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ሲያፍን በአፍንጫው አመለጠው። ሙኒራ ተነሳች። ጮክ አላለችም።

"ፀዱዬ፣ 'የምናገረው ይገባዎታል ወይ?' ብላሽ ነበር። አሁን ደግሞ 'ምን አልኩ?' ነው የምትልሽ።"

ሁሉም ሰምቷል።

መሸሽ አሰብኩ፣ በሩ በማዳም አይሳቱ በኩል ነው። ስልኬን አሰብኩ፣ ቦርሳ ውስጥ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ የሚደወለው ስልክ ዛሬ ዝም አለ።

"ታምራት" አልኩ። "ወንድሜ፣ ና አስተርጉምልኝ።"

ታምራት ብድግ ብሎ አጠገቤ ቆመ። ወገኖቼ፣ ስብከት አስተርጓሚ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ቃሉን ብቻ አይደለም የሚያስተላልፈው። እጁንም፣ ድምፁንም፣ መንፈሱንም ነው! ልጁ ሌላ ዓይነት ማስተርጎም አልለመደም።

እኔ ቀስ ብዬ፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፈረንሳይኛ አልችልም" አልኩ።

ታምራት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ በፈረንሳይኛ አስተጋባው። መስኮቱ ነዘረ።

"ንግግሩን ሸምድጄ ነው" አልኩ።

ታምራት ጡጫውን ጨብጦ ጮኸ።

"አፍሬአለሁ" አልኩ፣ እንባዬ መጣ።

"ዤ ኦንት!" አለ ታምራት። የሱም ድምፅ በእንባ ተሰበረ! እያለቀሰ አይደለም፣ እያስተረጎመ ነው!

ሻይ ቤት የነበሩት የብየዳ ልጆች ጩኸቱን ሰምተው ሰው የተጣላ መስሏቸው ደረጃውን በሩጫ ወጡ። አራት ሰው መከላከያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንዳደረገ በር ላይ ቆሞ ኑዛዜዬን አዳመጠ። እንዲህ ያለ ውርደት በነፃ የት ይገኛል?

ማዳም አይሳቱ አላቋረጡኝም። ስጨርስ ደብተራቸውን ከፈቱና በታምራት አስተርጓሚነት የተናገርኩትን አንድ በአንድ ነገሩኝ።

የመጀመሪያው ጥያቄ "መምህሩ ታመዋል እንዴ?" ነበር። እሺ፣ እሱ እውነት ነው።

ሁለተኛው፣ "አካባቢው ሁልጊዜ እንዲህ ጸጥ ያለ ነው?" እንዴታ ብያለሁ። በር ላይ የቆሙት የብየዳ ልጆች ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

ሦስተኛው፣ "ይሄን የመሰለ ፈረንሳይኛ የተማሩት ፓሪስ ነው?"

እንዴታ ብያለሁ! ፓሪስ! እኔ'ኮ ከአዳማ ወዲያ አልፌ አላውቅም!

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ማዳም አይሳቱ እስክሪብቶ አውጥተው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መስመር ሰረዙ፣ ቀስ ብለው፣ እያየሁ። የእስክሪብቶው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከዚያ ቀና ብለው፣ "ለምን ዋሹኝ?" አሉ።

ብዙ ማለት እችል ነበር። "ፈርቼ ነው" ነው የወጣኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ታምራትም ዝግ ብሎ ነው ያስተረጎመው።

ሴትዮዋ ወደ ተማሪዎቹ ዞሩና በፈረንሳይኛ ጠየቁ። ያ ሁሉ ሰው ወደ ጋሽ ሽመልስ ጠቆመ። ሌላ ጠየቁ። ያ ሁሉ ሰው ወደኔ ጠቆመ።

"ምን አሉ?" አልኩት ታምራትን።

"'ማን ነው ያስተማራችሁ?' አሉ። ቀጥለው ደግሞ 'ይሄን ክፍል፣ ወንበሩን፣ መጽሐፉን፣ ፈቃዱን ያመጣላችሁ ማን ነው?' አሉ።"

ያኔ ነው የምር ያለቀስኩት። ያለ አስተርጓሚ።

ከዚያ ማዳም አይሳቱ ወንበር ስበው መሃል ተቀመጡና ከተማሪዎቹ ጋር ከአንድ ሰዓት በላይ አወሩ። ሙኒራ ሸሚዝ እንዴት እንደምትሸጥ አሳየቻቸው፣ ጭራሽ ዋጋ ተከራከሩ። ጋሽ ሽመልስ ያለ ድምፅ በእጃቸው ሰዋስው ሲያርሙ ሴትዮዋ እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። እኔ ጥግ ቆሜ አየሁ። አንድም ቃል ሳይገባኝ ሁሉም ነገር ገባኝ።

ሲሄዱ ደረጃው ላይ እጄን ያዙ። ታምራት አስተረጎመ።

"ለተማሪዎቹ እኔ ራሴ እከራከርላቸዋለሁ። ስለ ዳይሬክተሯ ግን ያየሁትን ነው የምጽፈው፣ የማደርግልዎት ነገር የለም። ውሳኔው የኔ ብቻ አይደለም። ጥቂት ሳምንት ይጠብቁ።"

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ተመልሼ ስገባ ተማሪዎቹን ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሙኒራ አቋረጠችኝ።

"ኧረ እኛማ ከድሮ ጀምሮ እናውቃለን።"

"ምን?!"

"አምና በዚሁ ደረጃ ላይ በፈረንሳይኛ 'ቦርሳሽ ተከፍቷል' ብዬሽ፣ 'ሜርሲ' ብለሽኝ እንደተከፈተ ይዘሽው ሄድሽ'ኮ። እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ ከኋላሽ እየጠበቅኩሽ ነው የመጣሁት።"

"እህት ፀዳለ፣ እኔ እንኳን ሁለት ዓመት ይሆነኛል" አለ ታምራት አንገቱን ደፍቶ።

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?!"

"ምን ብለን?" አለች ሙኒራ። "ስንጠራሽ እንደ ሌባ ነው የምትደነግጪው። አሳዘንሽን።"

አስቡት! አምስት ዓመት የተሸሸግኩ መስሎኝ መጋረጃው ሥር እግሬ እየታየ ነበር። እነሱ ደግሞ እንዳልደነግጥ በጣታቸው ጫፍ ነው ሲራመዱ የከረሙት።

ጋሽ ሽመልስን ታክሲ ላሳፍራቸው አብሬያቸው ወረድኩ። መንገድ ላይ አልተነጋገርንም፣ እሳቸው አይችሉም፣ እኔ አፈርኩ። ታክሲ መያዣው ጋ ሲደርሱ የመድኃኒታቸውን ካርቶን ከኪሳቸው አወጡና በእጃቸው ምልክት እስክሪብቶ ለመኑኝ። ካርቶኑ ላይ ጻፉ።

"እኔ ከሁሉም በፊት አውቅ ነበር። ተመልሰሽ እንድትማሪ ልነግርሽ ብዙ ጊዜ አስቤ ተውኩት። ክፍል ከገባሽ ለኛ የሚሯሯጥ ሰው እናጣለን ብዬ ፈራሁ። ጥፋቱ የኔም ነው። ይቅር በይኝ ልጄ።"

ካርቶኑን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ረዳቱ "ማዘር፣ ይገባሉ ወይስ አይገቡም?" አለኝ። ማዘር! አርባም አልሞላኝ! ቀኑ እንዳይጎድልበት ነው።

እና አሁን ይኸው። ሙኒራ መዝገቡን አውጥታ ስሜን ከጀማሪዎቹ ዝርዝር መጨረሻ ላይ ጽፋዋለች። ከኔ በላይ ያለችው ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት። በሚቀጥለው ሳምንት ደብተር ይዤ እገባለሁ። ዳይሬክተርነቱ ይቀጥላል ወይ? እኔም አላውቅም። ተማሪዎቹ ይቀጥላል አሉ፣ ድርጅቱ ምን እንደሚል እንጃ። ኢሜይሌን ይሄን ስጽፍ ብቻ ስምንት ጊዜ ከፍቻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ማንም እንደማይጽፍልኝ እያወቅኩ።

የሚያስፈራኝ ከሥልጣን መውረዱ አይደለም። የሙኒራ ሚስማር ባዶውን እንዳይቀር ነው። ታምራትን ዳግመኛ እንዳይስቁበት ነው። እኔ አንዲት "አልችልም" ማለት ከብዶኝ የነሱ የሁለት ዓመት ተስፋ ከአፈር ቢደባለቅ፣ ያን በየትኛው ቋንቋ ነው ይቅርታ የምጠይቀው?

እሺ፣ አሁን ተራው የናንተ ነው። መካከላችሁ የማይችለውን ነገር ኃላፊ ሆኖ የሚመራ የለም? መንጃ ፈቃድ የሌለው የመንጃ ትምህርት ቤት ባለቤት? እንቁላል መጥበስ የማይችል የምግብ ቤት ሥራ አስኪያጅ? ዋና የማይችል የመዋኛ ገንዳ አለቃ?

እጃችሁን አውጡ እስቲ። ዛሬ እንኳን ብቻዬን አታስቀሩኝ!